የባስልኤል ሥዕሎች ፈቃድ

ባስልኤል የሞተው ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦክላንድ ከሚኖርበት ፎቅ የውጭ ደረጃ ሥር ወድቆ ነው። የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ብርነሽ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። ብርነሽ ሃያ ዓመት ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ከፊት በፊት እጅ ታያለች። የሰውየው ጣቶች ንጹሕ ናቸው፤ ጥፍሩ ሥር እንኳ የቀለም ጠብታ የለም። ሠዓሊ ነበር ሲሏት ገረማትና በማስታወሻዋ ጻፈችው።

ፖሊሶቹ ራሱን ወርውሯል ወደማለቱ አዘነበሉ። የያዙት ማስረጃ አንድ ሰነድ ነው። ባስልኤል ለአንድ የሕፃናት ፊደል ማስተማሪያ አፕ ሦስት መቶ ያህል ሥዕል በነጻ ሰጥቷል። አፑ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ይለውጠዋል። ሥዕሎቹን ግን የሰጠው በሁለት ቃል ነበር፦ ስሜ ይጻፍ፤ ከሥዕሌ የተሠራም ለሌላው እንደዚሁ ክፍት ይሁን። በሞተበት ቀን «ሁለቱንም ትቻለሁ፤ ያለ ምንም ግዴታ ለቅቄያለሁ» የሚል፣ ፊርማው ያለበት አዲስ ፈቃድ ከአፑ ፋይሎች ጋር ተጭኖ ተገኘ። ያለውን ሁሉ የሚያድል ሰው ለመሄድ የተሰናዳ ነው አሉ። የደብሩ ካህንም ይህን ሰምተው ለፍትሐቱ አመነቱ።

ልጁ ዮዲ በርክሌ የምትማር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እንባ አልወጣትም፤ ዓይኗ ደርቋል።

«አንቲ ብርነሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻት። «ዳዲ ትቶኝ ነው የሄደው?»

«ጠዋት ምን አለሽ?»

«የስኮላርሺፕ ፎርም ሳይን አድርግልኝ ስለው ‹ዛሬ አይሆንም፣ ነገ› አለኝ። በየወሩ እንደዚህ የሚልበት አንድ ቀን አለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ብርነሽ ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ሄደች። ብዕሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የቀለሙ ጠርሙስ ተከድኗል፤ አፉ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከበላዩ የሥላሴ ሥዕል፣ ከጎኑ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቀን መቁጠሪያውን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

ከዚያ ሳን ፓብሎ ሱቅ ከፍቶ ቲሸርት የሚያትመውን ተፈራን አነጋገረች።

«ከባስልኤል ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«አልዋሽሽም እህቴ፣ ተጣልተናል። ሥዕሎቹን ስሙን ሳልጽፍ አተምኩ። ‹ሽጥ፣ መች ከለከልኩህ፤ ስሜን ግን ጻፍ› ብሎ አፋጠጠኝ። እንደገና አተምኩ፣ ታረቅን። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነበርኩ፤ ካሜራውን እይው።»

ካሜራውን አየችው፤ እውነቱን ነው።

የቀረው ማቲዎስ ነው። ሳን ሆዜ የሚኖር ኢንጂነር፣ አፑን የሚመራ፣ ባስልኤል አዲስ አበባ ክርስትና ያነሣው ልጅ።

«ፈቃዱን እኔ ፊት ነው የፈረሙት፣ እኩለ ቀን ላይ» አለ። «ደህና ነበሩ ስወጣ።»

«በምን ፈረሙ?»

«በብዕራቸው፣ ቀለም እየነከሩ።»

«በሐበሻ ቀኑ ስንት ነበር?»

«ኦክቶበር ሰቨንቲን ነው። የሐበሻውን ትቼዋለሁ።»

«ሥራስ እንዴት ነው?»

«ሌይኦፍ ተደርጌያለሁ፤ ቀንሰውኛል። ቪዛዬን ስፖንሰር የሚያደርግ በስልሳ ቀን ካላገኘሁ ከአገር እወጣለሁ። ተስፋ የሰጠኝ ድርጅት አለ፤ አፑን ወስዶ ለሌላው ዘግቶ ለብቻው መሸጥ ይፈልጋል።» ይህን ሲል ቀና ብሎ አላያትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱን ባስልኤል ቤት ሰበሰበቻቸው። ልቧ ከብዷል፤ ማወቅ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

«ጋሼ ተፈራ» አለች፣ «ቲሸርት ላይ ለቀረ ስም የተጣላ ሰው ስሙን ከሦስት መቶ ሥዕል ላይ በአንድ ቀን ይፍቃል?»

«በጭራሽ አያደርገውም!» አለ ተፈራ።

«እኔም እንደዚያ አልኩ። ፊርማው በብዕር ነው ተባልኩ። የሟቹ ጣት ንጹሕ ነው፣ ብዕሩ ተጠቅልሏል፣ ቀለሙ ደርቋል። የዚያን ቀን ብዕር አልነካም። ለምን? ክርስትና ስማቸው ማን ነበር፣ ማቲዎስ?»

«ገብረ ሥላሴ።»

«ኦክቶበር አሥራ ሰባት ጥቅምት ሰባት ነው፤ ሥላሴ። በየወሩ በሰባት ብዕር አያነሡም፤ ለልጃቸው ፎርም እንኳ ‹ነገ› አሉ። ለልጃቸው ያልፈረሙትን ላንተ አልፈረሙም። ፊርማውን ከአሮጌው ፈቃድ ላይ ገልብጠሃል። ድርጅቱ አፑን ዘግቶ መሸጥ የሚችለው ከሥዕሎቹ ላይ ሁለቱ ግዴታዎች ከተነሡ ብቻ ነው። ያ ደግሞ በሳቸው እጅ ነበር፤ እምቢ አሉህ።»

ማቲዎስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«‹የልጆች ነው፣ አይዘጋም› አሉኝ። ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ሲያስለቅቁኝ ገፋኋቸው። ልገላቸው አልነበረም።»

«በአስከሬን ምርመራው ከወደቁ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል በሕይወት ነበሩ» አለች ብርነሽ። «አምቡላንስ ቢጠራ ይተርፉ ነበር።»

ተፈራ ተነሥቶ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረ። ዮዲ ግን ማቲዎስ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምን አለህ?» አለችው። «ወድቆ ምንም አላለህም?»

ማቲዎስ እጁን ከፊቱ አወረደ።

«‹ማቲ፣ አንተስ ተጎዳህ?› አሉኝ። ‹ደህና ነኝ› ብያቸው ሄድኩ።»

ዮዲ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ብርነሽ አቅፋት ቆየችና፣ ለቅሶው ሲበርድላት፣ ባስልኤል ራሱን እንዳልገደለ ነግራ ፍትሐቱን ለማስያዝ ካህኑ ጋ ደወለች።