የተገለጠው ሊጥ

ድንቡሼ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ጉንጮቿን ብታዩ እናንተም ሌላ ስም አታወጡላትም ነበር። ቤቷ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። ዳቦ ቤቱን የከፈቱት የአያቷ አባት ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ለሱቆች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሆስፒታሉ ዳቦ በጅምላ ያከፋፍላል።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። የተድቦለቦለው ሊጥ ትሪ ላይ ተደርድሮ ኩፍ እስኪል ድረስ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። ካልለበሰ ፊቱ ይደርቃል፤ ዳቦውም ይሰነጣጠቃል። ጨርቁን የሚያለብሰው አያት የመረጡት የቤቱ ልጅ ነው። ድንቡሼም "ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው" ብላ ቋምጣ ነበር።

አያት ግን ጨርቁን ለቀጮ ሰጧት። ቀጮ የአክስቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ስለታመመች እነሱ ጋ ከመጣች ገና ወሯ ነው።

"እጇ ቀላል ነው፤ ሊጡን አትጫነውም" አሉ አያት።

ድንቡሼን ቅናት አንጀቷን አሳረራት። "ትናንት መጥታ!" አለች በልቧ። ቀጮ ስትስቅ ትናደዳለች። አያት "ጎበዝ!" ሲሏት ምግብ አይዋጥላትም። ልጆች፣ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ግድ የለም፣ አትመልሱልኝ፤ ፊታችሁ ይናገራል።

አንድ ቀን ከሰዓት ቀጮ ሊጡን አልብሳ ወጣች። ድንቡሼ ሹልክ ብላ ገባች። ጨርቁን ገፈፈችና፣ ጭራሽ ያልተነካ እንዲመስል አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። መስኮቱንም ከፈተች።

ዳቦው ከምድጃ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ ጨርቁም ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ተገኘ።

"ይህ ከቤታችን አይወጣም" አሉ አያት። አጎቷ የሚነዳው የዳቦ መኪና በግማሽ ጭነት ሄደ። የሆስፒታሉ በሽተኞች ለራት ዳቦ ሳያገኙ ቀሩ።

"አልብሼው ነበር... መሰለኝ" አለች ቀጮ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ረስቼው ይሆናል። አባባ፣ እኔ አልረባም፤ ወደ እማዬ መልሱኝ።"

አያት በረጅሙ ተነፈሱና ጨርቁን ለድንቡሼ ዘረጉላት። "በይ እንግዲህ፣ አንቺ ያዢው።"

ይኸው፣ የተመኘችውን አገኘች! እጇ ግን አልዘረጋ አላት። ቀጮ ያለጥፋቷ ራሷን ስትጠራጠር ማየት አልቻለችም።

"አባባ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገፈፍኩት! ቀንቼባት ነው!"

"ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት" አሉ አያት ኮስተር ብለው። "ነገ ደግሞ ከአጎትሽ ጋር ሆስፒታል ትሄጂና፣ ዳቦው ለምን እንደቀረ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ።"

ድንቡሼ የቀጮን እጅ ያዘች። "አልረሳሽም። እኔ ነኝ ክፉዋ። ይቅር በይኝ።"

ቀጮ አፍንጫዋን እየጠረገች "እንግዲያው አልሄድም?" ብላ ጠየቀች።

"የትም አትሄጂ!" አለችና ድንቡሼ እቅፍ አደረገቻት። ጨርቁም ወደ ቀጮ ተመለሰ።

በማግስቱ ድንቡሼ በሀፍረት መሬት መሬት እያየች ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ እውነቱን ተናገረች። ማታ ስትጸልይም ከራሷ አስቀድማ የቀጮን ስም ጠራች።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ለእህታችሁ ወይም ለወንድማችሁ በሰጠው አትቅኑ፤ ቀንታችሁ ከበደላችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ እውነቱን ተናግራችሁ ይቅርታ ጠይቁ።