ድንቡሼን ማን አላመዳት?

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «እሷ ድሮም በጥላዋ የምትደነግጥ ናት» እንዳትሉኝ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፣ «ሌሊት ደረቴ ላይ ሰው ይቀመጥብኛል» እያለ የሚመጣውን ሁሉ ግፊትህን ተለካ፣ ራትህን ቀነስ አድርግ እያልኩ ነው የምመልሰው። የሞተ ዘመዴን ድምፅ ሰማሁ የሚለኝ ሲመጣማ ከት ብዬ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ወንድሜ ግርማ ከላምበረት ወደ ደሴ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ፣ ተሳፋሪው ተረፈ፣ እሱ አልተረፈም። ስለሱ ከዚህ በላይ ማውራት አልችልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እኛ ዘንድ ሞት እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ መርዶ ሰዓት አለው፣ ነጋሪም አለው፣ አፉ ላይ የመጣለት ሁሉ አይዘረግፈውም። በቤተሰባችን የመጨረሻው ቃል የአባታችን ወንድም የጋሼ ተሾመ ነው፣ እሳቸውም የግርማ ሚስት በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እንድትረዳ ወሰኑ፣ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጁ ሳሮን ግን ጭራሽ እንዳትሰማ አሉ።

«ሕፃን ናት፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«እስከዚያስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እስከዚያማ አንቺ ጋ ትሁን። ብቻ ፊትሽን ጠብቂ!»

ስለዚህ ድንኳኑ ሳይተከል፣ በዋዜማው፣ ሳሮን ሰሚት ኮንዶሚኒየም እኔ ቤት መጣች። የያዘችው የትምህርት ቤት ቦርሳዋንና አንድ ትልቅ ካርቶን ነበር፣ «ይዘሻት ሂጂና ለአክስትሽ አሳዪያት» ብለው ሸንግለዋት ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ጊኒ ፒግ ነበረች። ለማታውቋት፣ ጭራ የሌላት፣ አይጥ ትሁን ጥንቸል የምታደናግር ፀጉራም ፍጥረት ናት፣ ግርማ ለመጨረሻ ጊዜ ሊወጣ ሲል ቦሌ መንገድ ዳር ቡችላና ጥንቸል ይዘው ከሚቆሙት ልጆች ገዝቶላት ነው፣ ስሟንም ድንቡሼ አሏት። ፈሪነቷን አትጠይቁኝ፣ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ገለባዋ ውስጥ ትቀበራለች። ሻጩ እንዴት እንደምትላመድ ለግርማ ነግሮት፣ ግርማ ለልጁ አሳይቷታል፣ አትባረርም፣ ከላይ አትያዝም፣ ከላይ የመጣ እጅ ጭልፊት ነው የሚመስላት፣ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰላጣ ተይዞ፣ ዝም ተብሎ ይጠበቃል፣ ራሷ ስትመጣ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከቂጧ ሥር። ግርማ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፣ እጁን ከመስደዱ በፊት የካርቶኑን ጠርዝ በጥፍሩ ኪርር ያደርጋል፣ «ሳያንኳኩ ሰው ቤት አይገባም» እያለ።

«እኔ እስክመለስ እጅሽ ላይ እንድትወጣ አድርጊያት» ብሏት ነው የሄደው። እሷ ታዲያ ነገሩን በልጅ አእምሮዋ ገልብጣ ያዘችው፣ ድንቡሼ ስትለምዳት አባቷ ይመጣል።

«አክስቴ፣ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ «ድንቡሼ ስትለምድሽ» አልኳት። ምን ልበላት? እናንተስ ምን ትሏት ነበር?

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮዬ ለጠላቴም አይሁን። ቀን ላምበረት ለቅሶ እውላለሁ፣ አመሻሹ ላይ ስመለስ በቀጥታ ቤቴ አልገባም፣ ከፊት ለፊቴ ያለው በር የእትዬ ዘይነባ ነው፣ የወሎ ሴት ናቸው፣ ሳሮንን ከትምህርት ቤት የሚቀበሉልኝም እሳቸው ናቸው፣ ልጅቷን ቤቴ አስገብተው እኔን በራቸው ላይ ይጠብቁኛል። እሳቸው ቤት ጥቁሩን አውልቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቀይ ሹራቤን እለብሳለሁ። «አልቅሺና ይውጣልሽ እንጂ ልጄ፣ እዚያ ገብተሽ እንዳያመልጥሽ» ይሉኛል። ለገዛ ወንድሜ በሰው ቤት አልቅሼ፣ በገዛ ቤቴ እስቅ ነበር።

ሳሮን በየቀኑ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ድንቡሼ ትሸሻለች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ትሞክራለች። እኔ ደግሞ በልቤ ምን እንደምል ታውቃላችሁ? «እሰይ፣ ሽሺ!» እላለሁ። የለመደቻት ቀን ያቺ ልጅ በር በሩን ማየት ትጀምራለቻ!

ነገሩ የጀመረው በቀን ነው፣ እመኑኝ፣ ፀሐዩ እንደጉድ በሚያቃጥልበት ከሰዓት። ሳሮን ትምህርት ቤት ነበረች፣ እኔ ያን ቀን ከለቅሶው ቀደም ብዬ ተመልሼ ኩሽና ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ከሳሎን ኪርር የሚል ሰማሁ። ካርቶኗን እየበላች ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ኪርር። ከዚያ ድንቡሼ ዊክ ዊክ ብላ ጮኸች፣ ይህን ድምፅ ለእኔም ለሳሮንም አሰምታን አታውቅም፣ የምትወደው ሰው ሲመጣ ነው እንዲህ የምትለው ብሎ ነበር አሉ ሻጩ። ቢላዬን እንደያዝኩ ብቅ ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ካርቶኑ ላይ እንደ ክዳን የምንጭንበት የፍሪጅ መደርደሪያም እንዳለ ነው።

በሌላው ቀን ሶፋው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ፣ ሩዝ የሚያክል በጠጥና ቡናማ ፀጉር አገኘሁ። ትራሱ በቁሙ ቆሞ ወደ ኋላ ተደግፏል። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ክንዴን ውርር ያደርገኛል፣ ግርማ መሪ ላይ ሲውል ወገቡን ስለሚያመው እኔ ቤት ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ጥግ ነው፣ ትራሱንም እንደዚያ ነው የሚያቆመው። እኔ ግን ያን ጊዜ አላመንኩም አላልኳችሁም? ልጅቷ ላይ ጮህኩባት።

«ሳሮን! ይቺን ጉድ ማን ሶፋዬ ላይ አውጪያት አለሽ?»

«እኔ አይደለሁም አክስቴ! እኔን መች ታስጠጋኛለች?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንቺ ነሽ አይደል? እኔ ሳልኖር ተደብቀሽ የምታላምጃት? አባዬ እኮ እኔን ነው ያለኝ!»

ትራሱን አስተኝቼ ሶፋውን ጠረግኩ።

ፈተናዋን ዓርብ ጨረሰች። ቅዳሜ ጋሼ ተሾመ ደወሉ፣ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፣ ቁርሷን አብልተሽ ጠብቂኝ» አሉኝ። በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርማ! ያን ቀን ሊመሻሽ ሲል ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል፣ እኔ ቆሜ ልብስ አጥፋለሁ፣ ሳሮን ካርቶኑን በጎኑ አስተኝታ፣ ሰላጣ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ድንቡሼ ከጥጓ አልነቃነቅም ብላለች። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

«እንዳትንቀሳቀሺ፣ እንዳትረግጫት» አልኳትና ስልኬን በዳበሳ መፈለግ ጀመርኩ።

ኪርር።

«ሳሮን፣ ተይ አልኩሽ።»

«እኔ አይደለሁም» አለች፣ ድምፅዋ የመጣው ከእግሬ ሥር ነው፣ ኪርርታው ደግሞ ከወዲያ ከካርቶኑ ጫፍ። ቀጥሎ ትንንሽ እግሮች ሴራሚኩ ላይ ጠብ ጠብ እያሉ አለፉ። ከዚያ ፀጥ። ከዚያ ድመት ሲመቻት እንደምታሰማው ያለ ድርርር የሚል ድምፅ፣ ከወለሉ ሳይሆን ከፍ ካለ ቦታ።

የስልኬን መብራት አበራሁ። ድንቡሼ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላ ጫማ መሻገር የሚያቅታት ፍጥረት፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍናለች። የጀርባዋ ፀጉር ከፊት ወደ ኋላ ይተኛል፣ መልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይተኛል። የመብራቱ ጥላ ነው ብዬ ስልኩን አንቀሳቀስኩ፣ ጥላ አልነበረም። ጠረጴዛውን ይዤ ቀረሁ።

ሳሮን ግን አልፈራችም። በጉልበቷ ሄዳ መዳፏን ሶፋው ጠርዝ ላይ ዘረጋች፣ ድንቡሼም ተነስታ፣ ቀስ ብላ፣ እጇ ላይ ወጣች። ልጅቷ ሌላውን እጇን ከሥር አደረገች፣ ልክ እንዳሳያት።

«ለመደችኝ! አክስቴ፣ ለመደችኝ! አባዬ መጣ!»

ደርሼ ሳልይዛት በሩን ከፈተችው። ጨለማው ደረጃ ላይ ቆማ «አባዬ! ና ተመልከታት!» ብላ ስትጣራ ድምፅዋ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ተመለሰ። ከታች የመጣ የለም። የተከፈተው የእትዬ ዘይነባ በር ነው፣ በአንድ እጃቸው ሻማ፣ በክንዳቸው ላይ ከዝናብ ያስገቡትን ጥቁር ቀሚሴን እንደያዙ ወጡ፣ ልጅቷን ሲያዩ «ወይኔ ልጄን» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቀሚሱን ሳሮን ታውቀዋለች፣ አያቷ ስትሞት ለብሼው አይታኛለች። ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች።

«አክስቴ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ቁርስ፣ በጨለማ።

አላለቀሰችም። እጇ ላይ እንቅልፍ የወሰዳትን ድንቡሼን ብዙ አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«እንግዲያ ድንቡሼን ማን ነው ሲያላምዳት የከረመው?»

ጋሼ ተሾመ በማግስቱ ሽማግሌዎች አስከትለው ሲመጡ ሳሮን ራሷ በሩን ከፈተችላቸውና «ነግራኛለች» አለቻቸው። «መርዶ በደረጃ ላይ!» ብለው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ልጅቷ ወደ እናቷ ተመለሰች፣ ድንቡሼን ግን «አልፈልጋትም» ብላ ትታልኝ ሄደች፣ ዳግመኛም ስለእሷ ጠይቃኝ አታውቅም። ስለአባቷም አትጠይቅም፣ ስለምንም ነገር ብዙ አታወራም።

ድንቡሼ እስካሁን እኔን አልለመደችኝም፣ ሰላጣ ስሰጣት እንኳ ዞር እስክልላት ትጠብቃለች። ኪርርታው ግን አልቀረም፣ አንዳንድ ቀን ከሥራ ስገባ ትራሱ በቁሙ ቆሞ አገኘዋለሁ። እንደማልፈራ አልዋሻችሁም፣ እፈራለሁ፣ ከፍርሃቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። እኔ እህቱ ነኝ፣ አብረን ነው ያደግነው፣ የሚመጣው ግን ለድንቡሼ ነው።

አሁን አሁን ሲመሽ ከሶፋው ሥር ወለሉ ላይ እቀመጥና እጄን እዚያ ጥግ ላይ አደርጋለሁ፣ መዳፌን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ሳልጣራ፣ ሳልነቃነቅ። እስካሁን ምንም የነካኝ ነገር የለም።