የላስ ጋርሳስ አበልጆች

ጌታ በተወለደ በ1869 ዓመት፣ በቅድስት ሮሳ በዓል ማግስት፣ በየዓመቱ በበዓሉ ሰሞን የሚነሣው ዐውሎና ዝናብ ገና ሳያባራ፣ የላስ ጋርሳስ ወረዳ ዳኛና በወንዙ መሻገሪያ ላይ ያለው መሸታ ቤት ጌታ የሆነው ዶን ላውሬያኖ ኡርቢና ጠፍር ጎንጓኙን ኤውሴቢዮ ማይዳናን በልጁ መቃብር አፋፍ ላይ ሰደበው።

«የማይዳና ዘር ጠፍር መጎንጎን እንጂ ደም መመለስ አያውቅበትም» አለ፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም። የኤውሴቢዮ እጅ ከመቃብሩ ጭቃ ገና አልጸዳም ነበር። ለቀስተኛው ባርኔጣውን ይዞ መሬት መሬቱን አየ፤ አንዱ ግን ሳቀ። ኤውሴቢዮ የሳቀው ማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል፤ ለዚያ ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ልጓም አልሠራለትም።

ሟቹ ሲልቬሪዮ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። በዚያው በዳኛው መሸታ ቤት፣ በፈረስ ውርርድ በተነሣ ነገር፣ የዳኛው ፈረስ ገሪ አናክሌቶ ሮልዳን በጩቤ ሆዱን ወግቶ ገደለው። በዚያ ሜዳ አገር ግን ገዳይን ገዳይ ማለት ነውር ነው፤ «ምስኪን፣ ክፉ ቀን ጣለው» ይባላል እንጂ። ስለዚህ ሲልቬሪዮ ከባንኮኒው ሥር ተዘርሮ ደሙ ሲፈስ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከንፈሩን የመጠጠው ለአናክሌቶ ነበር፤ ዳኛውም ከበረቱ ደኅና ፈረስ አስወጥቶ «ሂድ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ» ብሎ ሸኘው። እንዳሰበው ሳይርቅ ወታደሮች ያዙትና ከጠረፍ ምሽግ ጣሉት፤ ይህም ለወረዳው ሰው ሌላ ኀዘን ሆነለት።

የሟቹ እናት ዶኛ ፔትሮና ልጇ በወደቀበት ደጃፍ መስቀል አቆመች፤ ሰኞ ሰኞ ሄዳ ነፋስ እንዳያጠፋት በቆዳ ከልላ ሻማ ታበራለች፤ ከመሸታ ቤቱ የሚወጡትም ሰዎች ጎንበስ እያሉ ሲጋራቸውን በዚያች ሻማ ይለኩሱ ነበር። ኤውሴቢዮ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ፣ ማን መርዶ ይዞ ይመጣ ይሆን እያለ፣ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ መሥራት አልቻለም። የቀረው ልጃቸው ካሲያኖ የወንድሙን ጩቤ በወገቡ ሻጠ፤ ሰው ሁሉ ሲያየው «እና፣ መቼ ነው?» የሚለው ይመስለዋል፤ አንዳንዱም በአፉ ይለዋል። ቶማሳ የምትባል ደግ ልጅ አገባ፤ ከብት ነጂ ሆኖ አገር ለአገር ዞረ፤ ነገር ግን ከበረቱ ኋላ ካባውን በግራ ክንዱ ጠቅልሎ ከአየር ጋር ጩቤ ሲለማመድ እናቱ በመስኮት ታየው ነበር። አንዱን ቀብራ ሌላውን ለመቅበር ተራ የምትጠብቅ እናት የምታለቅስበት ጊዜ እንኳ የላትም።

በ1874 መጨረሻ በአገሩ ላይ ዐመፅ ተነሣ፤ ጄኔራሎች ከጄኔራሎች ተዋጉ። ምክንያቱን የተማሩት ጽፈውታል፤ ለላስ ጋርሳስ የተረፈው ግን ይህ ነው፦ በመንግሥት ወገን ሆነው ለተዋጉ የምሽግ እስረኞች ምሕረት ተደረገ፤ አናክሌቶ ሮልዳንም በተከታዩ የካቲት፣ ጸጉሩ ሳይደርስበት ሸብቶ፣ ወደ ዳኛው መሸታ ቤት ተመለሰ።

ካሲያኖ ያን ጊዜ ሥጋ በጨው ወደሚደርቅበት ቄራ ከብት ሊያደርስ ሄዶ ነበር፤ መመለሻው ቅዳሜ ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ቶማሳ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ከጫማ አይበልጥም፤ ከንፈሩ ጠቁሮ እንደ ድመት ግልገል ይነጫነጫል። ወንዙ ሞልቷል፤ ቄሱ ከወንዙ ማዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ማንም የተጠመቀ ሰው በሕፃኑ ራስ ላይ ውሃ ያፈሳል፤ ያፈሰሰውም ክርስትና አባት፣ ለወላጆቹም አበልጅ ይሆናል። ውሃ አፍስስልኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ በአበልጁ ላይ ቢላ የመዘዘ ደግሞ በዚያ አገር ውሃ የሚሰጠው አያገኝም።

ዶኛ ፔትሮና እጇን ታጥባ ወጣች፤ ባሏ እርጥብ ቆዳ ይዘለዝል ነበር።

«ተነሥና ውሃ የሚያፈስ ሰው አምጣ።»

«አንቺው አታፈሺም? ስንቱን አጥምቀሽ የለም እንዴ?»

«እኔ አያቱ ነኝ፤ እኔ ባፈስስ ማንን ከማን አስራለሁ? እሱን አምጣልኝ።»

ኤውሴቢዮ እሱ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ሴትዮ፣ አእምሮሽን ሳትሽ?»

«ሲልቬሪዮን ቀብሬአለሁ፤ ካሲያኖን አልቀብርም። ጠፍር በእርጥቡ ነው የሚቋጠር ስትል አርባ ዓመት አደነቆርከኝ፤ ቅዳሜ ሳይደርስ ቋጥረው።»

«የልጁ እናትስ?»

ቶማሳ ከውስጥ በደከመ ድምፅ መለሰች፦ «ይምጣ፣ አባባ። ባሌን ካስቀረልኝ ሰይጣንም ቢሆን ክርስትና ያንሳው። ብቻ ቀንዱ በሩን እንዳይሰብረው።»

ኤውሴቢዮ ፈረሱን ጭኖ ሄደ። አምስት ዓመት ተኩል ያልረገጠውን የመሸታ ቤቱን ደጃፍ አልፎ ሲገባ አናክሌቶ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የልጅ ልጅ ተወልዶልናል፤ ደካማ ነው። ውሃ የሚያፈስለት ሰው ልወስድ መጣሁ።»

«ይኸው፣ ሰው ሞልቷል» አለ ዶን ላውሬያኖ ከባንኮኒው ኋላ፤ «ምረጡ።»

«መርጫለሁ። አንተ፣ ሮልዳን።»

አናክሌቶ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ሳቀ። «ወጥመድ ነው፤ አትሂድ። ልጅየው ከአጥር ሥር ይጠብቅሃል።»

«ልጄ የለም፤ ቅዳሜ ነው የሚመጣ» አለ ኤውሴቢዮ። «ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት። እንዲያገኝህ አልፈልግም።»

«ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን፣ ዶን ኤውሴቢዮ?»

«አንተን። እምቢ በለኝና እነዚህ ሰዎች ይስሙ።»

አናክሌቶ እምቢ አላለም። በመንገድ ላይ ጎን ለጎን ጋለቡ፤ የወንዙ ረግረግ ጋ ሲደርሱ አናክሌቶ አፉን ከፈተ፦ «ያን ቀን ፊቱን ምልክት ላደርግበት ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ እሱ ግን ወደ ፊት…»

«ተወው። ይህን ለመስማት አልመጣሁም። ብትነግረኝ እጠላሃለሁ፤ ባትነግረኝም እጠላሃለሁ። ልጁ እንዳይሞት ፍጠን።»

ዶኛ ፔትሮና በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ቢላህን ከደጅ» አለችው፤ ጩቤውን መሬት ላይ ተክሎት ገባ። ውሃ ያለበትን ቅል አስያዘችው፤ ሕፃኑንም ቶማሳ ታቅፋ አቀረበችለት።

«ስሙ ማን ነው?» አለ።

«ሲልቬሪዮ በለው» አለችው ዶኛ ፔትሮና።

አናክሌቶ ቅሉን ከልኩ በላይ አዘነበለው፤ ከውሃውም ግማሹ በቶማሳ ክንድ ላይ ፈሰሰ። ስሙን ሊጠራ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አቃተው። ማንም አልረዳውም። በመጨረሻ፣ ምሽግ ውስጥ ሳለ በልቡ እንጂ በአፉ ጠርቶት የማያውቀውን ያን ስም አወጣ፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቀው። ሕፃኑ በቅዝቃዜው ጮኸ፤ የመጀመሪያው ደኅና ጩኸቱም እሱ ነበር።

«እንግዲህ አበልጃችን ነህ» አለች ዶኛ ፔትሮና ቅሉን እየተቀበለችው። «እንደ እንግዳ የማቴ ሻይ ግን አላፈላልህም። ሂድ።»

አናክሌቶ እጇን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ቀና ብሎ ወጣ።

ካሲያኖ ቅዳሜ ደረሰ፤ ፈረሱ በላብ ተነክሯል። የአናክሌቶን መመለስ በመንገድ ሰምቷል፤ ወደ ቤት የመጣውም ፈረስ ሊለውጥ ብቻ ነበር። አባቱ በረቱ በር ላይ ጠበቀው።

«ወንድ ልጅ አለህ። ተጠምቋል።»

«ይባረክ። ቡላውን ፈረስ ስጠኝ።»

«ውሃውን ያፈሰሰው ሮልዳን ነው።»

ካሲያኖ ከፈረሱ ወረደ። «ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። «ሰው ምን ይለኛል? ሸጣችሁኛል እኮ።»

«ሰው የሚለውን እኔን ይበለኝ፤ ለምጄዋለሁ።»

«አባባ፣ እኔ ለወንድሜ…»

«ለወንድምህ የሚሆነውን እናትህ አድርጋለች። በአበልጅህ ላይ ቢላ ልትመዝ ከሆነ ቡላው ያውና፤ እኔ ግን አልጭንልህም።»

ቶማሳ ከቤት ጮክ ብላ ተጣራች፦ «ካሲያኖ፣ ጭቅጭቁን ጨርሰህ ግባ፤ ልጅህ ጠብቶ አስታወከብኝ፤ ጠረኑ አንተን አንተን ይላል።»

ማንም ያላወቀውን ነገር እዚህ ላይ መናገር ይገባል፦ ካሲያኖ ወደ ቤቱ ሲጋልብ በመንገድ ሁለት ጊዜ ወርዶ አስታውኮ ነበር፤ አምስት ዓመት ተኩል ሙሉ ያን ጩቤ የታጠቀው በፍርሃት ነው፤ ትፈራለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። እጁን በኮርቻው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ፤ ከዚያ ቡላውን ትቶ የኮርቻውን ጠፍር ፈታ። ዶኛ ፔትሮና ከማድቤቱ ሆና ኮርቻው መሬት ላይ ዱብ ሲል ሰማች፤ በውሃ ባልዲው ላይ ቁጭ አለች። ካሲያኖ ገብቶ ልጁን ሲያቅፍ አለቀሰ፤ አባቱም ወደ ሥራው ተመልሶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። የዚያን ቀን የበግ ጥብስ በሉ። ቶማሳ «ያ አበልጃችን ከነቀንዱ ይመጣል ብዬ ፈርቼ፣ ለካ እሱ ከእኔ ይብስ ይፈራል» አለች፤ ዶኛ ፔትሮናም ሳቀች፤ ስትስቅ ራሷን ሰምታ አፏን በመቀነቷ ሸፈነች፤ ሳቁ ግን አልቆመላትም።

የዚያ ዓመት ጦርነት ተጽፏል፤ የጄኔራሎቹ ስም በአደባባይ አለ፤ ዶን ላውሬያኖ ኡርቢናም ከተማው ሲቆረቆር መንገድ ተሰይሞለታል። በዚያች ቅዳሜ በላስ ጋርሳስ ማንም ስላልሞተ ግን የጻፈ የለም፤ ታሪክ የሚጽፉት ሰዎች ሬሳ ካላዩ ብዕር አያነሡም። ሁለተኛው ሲልቬሪዮ አድጎ፣ አግብቶ፣ ጥርሱ አልቆ በአልጋው ላይ እንደሞተ የሚያውቁት የወለዳቸው ብቻ ናቸው።

ከጥምቀቱ በኋላ፣ በሕማማት ሰሞን፣ ኤውሴቢዮ የማቴ ቅጠል ሊገዛ ወደ መሸታ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ዶን ላውሬያኖ ከረጢቱን እየሞላ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ፦

«እነሆ፣ የልጁን ደም በአንድ ቅል ውሃ ያጠበው ሰው። ንገሩን እስቲ ዶን ኤውሴቢዮ፣ ካሲያኖን ለሚገድልልዎ ሰው ደግሞ የትኛውን ልጅ ክርስትና ያስነሡታል?»

ሰዎቹ ሳቁ። ኤውሴቢዮ ለዚህ ሰው መልስ ሲያዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ መልስ የዳኛውን እናት፣ ሌላው የዳኛውን ፈረስ የሚነካ፣ ሁሉም የተሳሉ ነበሩ። ካሲያኖ ግን በዚያች ሰዓት ከቤቱ ጣራ ላይ ሆኖ የሚያፈስሰውን እየደፈነ ነበር። ሽማግሌው የከረጢቱን አፍ አሰረ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ ሳይመልስ ወጥቶ ሄደ።