እርጋታ በወንጪት ማዶ

«ልቀቀው» አሉት ጋሼ እምሩ።

እሱባለው የበቅሎዋን ልጓም ለቀቀ። በረዶ ገደሉን እየደበደበ፣ መንገዱም ከእግራቸው ሥር እየተንሸራተተ ነበርና በቅሎዋ ፊቷን አዞረች፤ የበሶ ስንቃቸውን እንደተጫነች ወደመጡበት ወደ ዘመሮ ሽቅብ ሸመጠጠች።

«ትንፋሽህን ነው ያልኩህ» አሉ ጋሼ እምሩ፣ በሶው ከዓይናቸው እስኪሰወር እያዩ። «አምቀኸው ፊትህ ጠቁሯል።»

ጋሼ እምሩ የእናቱ ወንድም ናቸው፤ የደርግ ሠራዊት ሲበተን አንድ ብርድ ልብስና ብዙ ምክር ይዘው አገራቸው የገቡ። እሱባለው ደግሞ፣ ጎረቤቱ ነኝና አውቃለሁ፣ ዶሮ ከኋላው ብር ካለች ዱላውን የሚጥል ሰው ነው።

ያን ሰሞን ግን ምርጫ አልነበረውም። ታናሽ እህቱን አርሴማን፣ የበግ ጠጉር ባና ሸጣ ከገበያ ስትመለስ፣ መኳንንት የሚባል የመርሐቤቴ ሰው ከወንድሞቹ ጋር ጠልፎ የወንጪትን ወንዝ አሻግሯታል። ሽማግሌ ተቀምጦ እሺ ካሰኛት ነገሩ ጋብቻ ተብሎ ይዘጋል። ከዚያ በፊት መድረስ ነበረባቸው።

በረዶው አባርቶ ቆላውን ሲይዙ፣ ከቋጥኝ ሥር ነብር ብድግ አለ። የእሱባለው ጆሮ ጭው አለ። አፉ ደረቀ፣ ልቡ ደረቱን ጎሰመው፣ አገሩ ሁሉ ጠፍቶ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ብቻ ቀሩ። ሊሮጥ ሲል አጎቱ ክንዱን ጨመቁት። ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ፣ መንጋጋውን እንዲያላላ፣ ግራና ቀኙን እንዲያይ በሹክሹክታ ነገሩት። ተነፈሰ። ቋጥኙም፣ ቁጥቋጦውም፣ ሰማዩም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ነብሩ አጉረምርሞ ጫካው ውስጥ ገባ።

ነብሩ ከሄደ በኋላ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አፈረም።

ጋሼ እምሩ ፍርሃት አይደለም አሉት። የጦር ሜዳ ሐኪም እንደነገራቸው፣ ሰው አደጋ ሲያይ ከኩላሊቱ በላይ ካለች ዕጢ አድሬናሊን የሚሉት ነገር ደሙ ውስጥ ይረጫል። ልብ ይጋልባል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሳይሮጡበት የቀረው በመንቀጥቀጥ ይወጣል። መድኃኒቱ ሲያስገቡ አጠር፣ ሲያስወጡ ረዘም አድርጎ መተንፈስ ነው።

«ይኼኛውን ልጓም ደግሞ እንዳትለቀው» አሉት።

ወንጪት ደፍርሶ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። በጋቢ ተሳስረው ገቡ። መሐል ላይ አንድ ጉቶ ጋሼ እምሩን መትቶ ጣላቸው፤ ጋቢው ተወጠረ፣ ውሃው ሁለቱንም ጎተተ። እሱባለው ረዥም ትንፋሽ አስወጣ፣ ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተከለ፣ አጎቱን እንደ ረጠበ የበግ ለምድ ስቦ አወጣ። ጋሼ እምሩ የዋጡትን እየተፉ ተማሪያቸውን መረቁ።

መኳንንት ደጅ ሲደርሱ ሁለቱ ወንድሞቹ ጠመንጃ አቀባብለው በሩን ዘጉት። ሽማግሌዎቹ ዳሱ ውስጥ ናቸው። አርሴማ ከጭቃው ግድግዳ ጀርባ ናት፤ ወንድሜ ይመጣል እያለች እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሺ አላለችም።

የእሱባለው ልብ እንደገና ጋለበ። አሁን ቢጮህ ጠመንጃው ይጮሃል፣ እሷም ከመሐል ናት። ተነፈሰ። መንጋጋውን አላላ። ከዚያ አለሳልሶ፣ ቃሉን እየመጠነ፣ እህቱን ሊወስድ እንደመጣ ተናገረ። በሕይወቱ እንደዚያ ረግቶ አያውቅም። ጋሼ እምሩ ኩራት ተሰማቸው። አንድ ሽማግሌ አርሴማን ዳግመኛ ሊጠይቋት ጎንበስ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፣ ትንሽ ቆይተው ፊታቸው በርቶ ወጡ።

«እሺ ብላለች» አሉ። ጠመንጃዎቹ ወረዱ፣ እልልታ ተነሣ።

እሱባለው ማንንም ሳይጠይቅ ዘው አለ። አርሴማ መደብ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች።

«ልወስድሽ እኮ ነው የመጣሁት» አላት።

ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«ቃልህ ግድግዳውን አልፎ ጥርት ብሎ አልተሰማኝም፣ ወንድምዓለም። ድምፅህ እንዲያ ረግቶ ስሰማው ሚዜ የመጣ መስሎኝ፣ አንተ ቀረህ ብዬ ነው እሺ ያልኩት።»