የሐኪሙ ጤነኛ አንጀት

ሐኪሙ ሆዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ሞቶ ተገኘ። የባቄላ ሾርባው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር አንጀቱ ተቆጥቶና አብጦ በብግነት ተላልጦ ነበር፤ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት የተሰጠ መርዝ ነው ተባለ።

ሚስቱ ጊዜ አላጠፋችም። «ከዚህች ሴትዮ እጅ በቀር ምግቡን የነካ የለም» ብላ ወደ ምግብ አብሳይዋ ጠቆመች። አሮጊቷ ድስቷን ከድና ማዕዘን ይዛ ተቀመጠች። ሊወስዷት የመጡት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ግን ነገሩ ሳይገባት ሰው የምታሳስር ሴት አልነበረችም። ስትጠይቅ፣ ሟቹ፣ ሚስቱና የላቦራቶሪ ረዳቱ አትክልትና ጥራጥሬ ብቻ ከአንድ ድስት እንደሚበሉ ተነገራት። ሐኪሙ የሚያጠናው እንዲህ ያለው ምግብ የአንጀት ባክቴሪያን እንዴት እንደሚለውጥና ብግነትን እንደሚያበርድ ነው። ሁሉም ጠዋት ጠዋት ሰገራቸውን በብልቃጥ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖራሉ፤ ረዳቱ በውስጡ ያለውን ባክቴሪያና የብግነት መጠን ይለካል።

«የሐኪሙስ ልኬት?» አለች።

«እስከ ዕለተ ሞቱ ጤነኛ ነበር» አለ ረዳቱ፣ ሳይጠየቅ ወረቀቱን እያቀበላት። «ያን ቀን የበላው ሾርባ ነው የገደለው።»

ለሳምንታት የተቃጠለ አንጀት ወረቀት ላይ ሰላም ነው። ኢንስፔክተሯን ይሄ ከነከናት። ብልቃጦቹን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ላከች፤ ውጤቱ ሲመጣ ሁሉንም ምግብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ሆዱን ሲያመው ቁጥሩን ያይ ነበር» አለች። «ቁጥሩ ደህና ነህ ስላለው ሆዱን ትቶ ቁጥሩን አመነ። ግን ከአንድ ድስት ቢበሉም የሁለት ሰው ባክቴሪያ አንድ አይሆንም። በስሙ የተቀመጡት የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች የእሱ አይደሉም።» ወደ ረዳቱ ዞረች። «የአንተ ናቸው። ጤነኛ አንጀት ያስፈልግህ ነበር፤ እመቤቲቱ ደግሞ ተደብቀው ሥጋ ስለሚቀምሱ የእሳቸው አይሆንህም።»

ሚስቲቱ አንገቷን ደፋች።

«መርዙስ?» አለ ረዳቱ።

«ድስቱ ቢመረዝ ሁላችሁም በታመማችሁ ነበር። ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ ሻይ የምታፈላለት አንተ ብቻ ነህ። የመርዙን ቅሪት ከጽዋው እጀታ ሥር አግኝተነዋል።»

«ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ረዳቱ። «እሱ ግን ስሜን ከጥናቱ አውጥቶ ጣለው።»

ያን ጊዜ አሮጊቷን ሊወስዱ መጥተው የነበሩት ፖሊሶች እሱን ይዘው ወጡ። አሮጊቷ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ምግቧ ሰው ገደለ ከተባለ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

ሚስቲቱ ከመደርደሪያው ሁለት ሳህን አውርዳ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«እማማ» አለች፤ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «ርቦኛል። ትሠሪልኛለሽ?»

አሮጊቷ ሳህኖቹን አየች። ከዚያ ባቄላውን ልታጥብ ተነሣች።