ሁለት ወንበር

ልብስ ሰፊዋ አንድ ደንብ ነበራት፤ የሰው ልብስ በመቀስ አትነካም። ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣ ስፌቱን አራርቃ በእጇ ትሰፋዋለች እንጂ አትቆርጥም። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ቢለምኑት አይመለስም። የሱቁ ባለቤት በዚህ ግትርነቷ ሲያሾፍባት፣ እኔ እንዲህ ነኝ ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች።

ሹፌሩንም ያገኘችው እዚያው ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ነው። የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ሊገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የሱሪው ዚፕ ተበጥሶበት እየሮጠ መጣ። ሱሪው እሷ እጅ ገባ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ በካልሲ ቆመ። ያሉት ሰው አገር ነውና ሁለቱም በውሰት ቋንቋ እየተንተባተቡ ሲግባቡ ቆዩ። ድንገት መርፌው ጣቷን ወጋትና «ውይ፣ እናቴን!» አለች፣ በገዛ ቋንቋዋ።

ሹፌሩ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አሰቃየሽኝ?» አለ፣ በዚያው ቋንቋ።

እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ የሹፌሩ ሸሚዝ ቁልፍ በየሳምንቱ ይወልቅ ጀመር። ክሩ በምላጭ መቆረጡን ታያለች፤ ምንም ሳትናገር መልሳ ትተክላለች። እሱም ስትተክል ያያታል። ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ይኸው ነበር።

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። የስምንት ዓመት ልጁን ሚጡን የሚያሳድጉለት የሚስቱ እናት ናቸው፤ ቤቱ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ልጃቸውን ቀብረው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊይዙ አገራቸውን ጥለው የመጡ ሴት ናቸው። ሹፌሩ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲነዳ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ እማማ ፊት ግን አፉ ይታሰራል። ስለ ልብስ ሰፊዋ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ዓመት ሞላው።

በኋላ ሚጡ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹ በሚሠሩት የልደት ድራማ ላይ እመቤታችንን እንድትሆን ተመረጠች። ሹፌሩ ልጁን ይዞ፣ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ሱቁ መጣ። የትልቅ ሰው ቀሚስ ነው። የማን ነው ብላ ጠየቀችው።

«ቤት የተገኘ ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ልኳ አድርጊላት።»

ሚጡ ቀሚሱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊዋ ይህንን አይታለች። አይታም መልሳ አልጠየቀችም፤ ኋላ ላይ ከምንም በላይ የቆጫት ይኼ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ቤተሰብ ከፊት ሁለት ወንበር ይይዛል፤ የልጁ ስም በወረቀት ይለጠፍበታል። ሹፌሩ እማማ ጉልበታቸውን ስላመማቸው አይመጡም ብሎ ነገራት። አጠገቡ እንድትቀመጥ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው፣ ሲመለስ ደግሞ ራሱ ለእማማ እንደሚነግራቸው ማለላት። እሷም አመነችው። ለዚያ ቀን ብላ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች፤ ለራሷ ከሰፋች ዓመታት አልፈዋል።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ግን እማማ መጥተዋል። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ የሚጡ ስም ከተለጠፈባቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው ላይ ሹፌሩ አለ። ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አንገቱን ቀና አድርጎ ጥቂት አያት። ከዚያ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ።

ሌላ ሴት ብትሆን እንባዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። እሷ ግን ከኋላ፣ ካፖርት የሚሰቀልበት ጋ ሄዳ ቆመች። የሰፋችው ቀሚስ ሲራመድ ሳታይ ወዴትም አትሄድም።

ድራማው ተጀመረ። መላእክቱ የካርቶን ክንፋቸው እየተጋጨ ገቡ። ዮሴፍን የሆነው ልጅ ጢሙ አንገቱ ላይ ወርዶ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሚጡ በሰማያዊው ቀሚስ፣ አሻንጉሊቱን ታቅፋ ወጣች። ጠርዙ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው፤ አልጠለፋትም። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ያኔ ነው እማማ ከወንበራቸው ብድግ ያሉት። ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙና መልሰው ተቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሹፌሩ አጠገባቸው ኩምትር አለ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆና ሁለቱን ጀርባዎች ስታይ የማን ቀሚስ እንደሰፋች ገባት።

ድራማው ሲያልቅ ልጆቹ ልብስ ወደሚቀይሩበት ክፍል ሄደች። እማማ ቀድመዋት የሚጡን እጅጌ ይዘዋል።

«የልጄን ቀሚስ ማነው የቆረጠው?»

ሹፌሩ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሚጡ አባዬን የለመንኩት እኔ ነኝ፣ የእማዬን ልልበስ ብዬ፣ ስትል አለቀሰች።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የማን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን አልቆረጥኩትም።»

ተንበረከከችና ከጠርዙ ውስጥ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ሳበችው። አንድ ክር ነው። ቀሚሱ ተርተር እያለ ተፈታ፤ እጥፉ ወርዶ የሚጡን እግር ሸፈነ፣ ወለሉ ላይም ተረፈ። የወገቡንና የእጅጌውንም እንዲሁ ፈታች። ቀሚሱ እንደ ድሮው ሆነ፤ ልጅቷ ውስጡ ጠፋች።

እማማ በዚያ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ ወረዱ። ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«አጥበሽዋል?»

«አላጠብኩትም። ተኮስ አድርጌዋለሁ እንጂ ውሃ አልነካውም።»

እማማ ጨርቁን ፊታቸው ላይ አድርገው አሸተቱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አንቺ ግን ማነሽ? ከኋላ ቆመሽ አይቼሻለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ልትናገር ትችል ነበር። ግን ይህ የእሷ ስፌት አይደለም።

«እሱን ይጠይቁት» አለች።

ሹፌሩ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ግን ዓይኑን ከጫማው ላይ አነሳ።

«የምወዳት ናት፣ እማማ። ዓመት ሆነን። ልጅዎን የረሳሁ እንዳይመስልዎ ፈርቼ ነው።»

እማማ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ታዲያ እሷን አቁመህ ነው የተቀመጥከው?» አሉት። «በሚቀጥለው ዓመት እሷ ትቀመጣለች።»

«ሁለት ወንበር ብቻ ነው እኮ የሚሰጡት» አለች ሚጡ፣ ከቀሚሱ ውስጥ።

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ አልቆምም። አባትሽ ይቆማል።»

ያን ቀን ልሸኝሽ ቢላት ልብስ ሰፊዋ እንቢ አለች። «ዓይንህን ስትሰብር አይቻለሁ» አለችው። «እስኪወጣልኝ ተወኝ።» ሰማያዊውን ክር ጣቷ ላይ ጠምጥማ ብቻዋን ሄደች። እስኪወጣላት ሦስት ወር ፈጀ። ሹፌሩ በየሳምንቱ እየመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ይቆማል፤ ቁልፉ ሳይወልቅ፣ ሱሪውን እንደለበሰ። በመጨረሻ የሳቀችው እሷ ነች።

በዓመቱ ድራማ ሚጡ በግ ሆነች። ሰማያዊው ቀሚስ ሙሉነቱ እንዳለ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። መብራቱ ሊጠፋ ሲል እማማ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጠጋ አሉ።

«ቆሟል?»

ልብስ ሰፊዋ ዘወር ብላ አየች። አሁን ባሏ የሆነው ሹፌር ካፖርቶቹ መሃል ቆሞ ነበር፣ ቀጥ ብሎ፣ እሷን እያየ።

«ቆሟል፣ እማማ።»

«ይቁም» አሉ እማማ፣ እጇንም ያዙ።