ሁለት እጅ ብረቱ ላይ

አጎቴን ፍቅር የያዘው ሲያጭበረብር በተያዘ ዕለት ነው።

አጎቴ የምለው ለእናንተ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ጋሼ ነው። ጫማ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከቤታችን ወደ መንገድ የምትከፈተው ክፍል ናት። እናትና አባታችን በአንድ የመኪና አደጋ ካለፉ ወዲህ ሦስታችንንም ያሳደገን እሱ ነው። ያኔ እሱ ራሱ ገና ጢሙን በመስተዋት የሚፈልግ ልጅ ነበር።

እኔ ትልቋ ነኝ። ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ደንበኛ እቀበላለሁ፤ «ትናንት ይደርሳል ብላችሁኝ አልነበር?» እያለ የሚመጣውን በምላሴ አበርዳለሁ። ወንድሜ በነገር ሁሉ ስለሚከራከር ጠበቃው እንለዋለን። የመጨረሻዋ ሚጢጢ ናት። እናታችን ስታልፍ ገና ትድህ ስለነበር ጋሼን «አባዬ» ነው የምትለው። ያረማት ሰው የለም፤ ምን ብሎ ያርማታል።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሼ ቃል ገባ። ትምህርት ተመልሶ ሳይከፈት ባሕሩ ያለበት ከተማ ሄደን፣ እዚያ ያሉትን ሦስት ትልልቅ የመጫወቻ ፓርኮች አዳርሰን እንመለሳለን አለ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ አንድ ላይ ወጥቶ የሄደው ለክትባት ብቻ ነው።

ችግሩን ያመጣው ጠበቃው ነው። ትልልቆቹ መጫወቻዎች የቁመት ልክ አላቸው፣ ከልኩ በታች የሆነ አይሳፈርም የሚል ወሬ ከሰፈር ልጆች ለቅሞ መጣ። ሚጢጢን የበሩ መቃን ላይ አስደግፈን ብንለካት አጠረች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ለቅሶ ጎረቤቶቻችን ይመስክሩ።

«ጫማ ሰፊ ያሳደጋት ልጅ በቁመት አታፍርም» አለ ጋሼና ሱቁ ገባ። ሶል በሶል ላይ በማስቲሽ እየደረበ፣ ዳር ዳሩን እየሰፋ፣ ከውጭ ሲያዩት ተራ የሚመስል ከውስጡ ግን ፎቅ የሆነ ጫማ ሠራላት። ሚጢጢ አድርጋው ስትቆም ከጠበቃው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነች። ጠበቃው ይግባኝ አለ፤ የሰማው የለም።

ለልምምድ ብለን መጀመሪያ የራሳችን ከተማ ትንሽ ፓርክ ሄድን። እዚያ አንድ ሮለር ኮስተር፣ በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር፣ አለ፤ አረንጓዴ ስለተቀባ ሰው ሁሉ ዘንዶው ይለዋል። በሩ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የመለኪያ ዘንግ ይዛ የምትቆም ወጣት ነበረች። ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣ ወደ ኋላ የታሰረ ጸጉር፣ የማይቸኩል ዓይን። ባለዘንጓ አልናት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ዘንጉን ሚጢጢ ጎን አቆመችው። ሚጢጢ መስመሩን አለፈች። ጋሼ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ጫማሽን አውልቂ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሚጢጢ ጋሼን አየችው። ጋሼ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ጫማው ሲወልቅ ሚጢጢ ከመስመሩ በታች ጠለቀች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ባለዘንጓ አልሳቀችም። ጫማውን አንስታ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከኪሱ የወጣ መሰለኝ።

«እጅዎ ግሩም ነው። ሐሳብዎ ግን መጥፎ ነው። ይሄ ወንበሩ ላይ የሚወርደው ብረት የሚይዘው ቁመቱ የደረሰን ልጅ ነው። በሥሩ ሾልካ ብትወድቅ ሶሉ ይይዛታል?»

ጋሼ ጫማውን ተቀበላት። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። የተቆጣ ሰው እንደዚያ ረጅም አያይም፤ የተቆጡትም ሰው እንደዚያ አይፈዝም። እኔ ሱቅ በር ላይ ስውል የማነበው የሰው ፊት ነው። ገባኝ።

የሚጢጢ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባለዘንጓ እጇን ይዛ ከጎኗ አቆመቻትና ሥራ ሰጠቻት። ሥራው ዘንዶው ሊነሳ ሲል ለተሳፋሪው መጮህ ነው። ሚጢጢ ደረቷን ነፋች።

«ሁለት እጅ ብረቱ ላይ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ታዘዘ። ሚጢጢ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች።

ስንመለስ ሚጢጢ በካልሲዋ እየሄደች መሆኑን ያየሁት ሰፈራችን ከደረስን በኋላ ነው። ጫማዋ ጋሼ ብብት ሥር ነበር። እንግዲህ ጫማ ሰፊ ልጅ በካልሲ ይዞ ከተማ ካቋረጠ፣ ነገሩ አልቋል።

ከዚያ ወዲያ እቅድ የሚባል ነገር ቤታችን ገባ። ባለዘንጓ ሥራውን የተማረችው ባሕሩ ያለበት ከተማ፣ እኛ ልንሄድበት ካሰብነው ትልቁ ፓርክ ውስጥ ኖሯል። ጋሼ ይህን ሲሰማ መና የወረደለት ያህል ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥያቄውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠይቆ ይገላገል ነበር። ጋሼ ግን ጥያቄዎቹን እንደ መድኃኒት አንድ አንድ ፍሬ ነው የሚወስዳቸው። ዛሬ የውሃው ፓርክ ፎጣ ይሰጣል ወይ ብሎ ይሄዳል። ሌላ ቀን የእንስሳቱ ፓርክ ጥላ አለው ወይ ይላል። ከዚያ ደግሞ ስለ ፎጣው በደንብ አልገባኝም ብሎ ይመለሳል።

እሷም መልስ አታሳጥርም። እኛን ለሽፋን ይዞን ይሄዳል፤ እኔና ጠበቃው ዘንዶው ላይ እንወጣለን፣ ሚጢጢ ሰው ታዛለች፣ እነሱ ዘንጉን መሀል አድርገው ስለ ፎጣ ያወራሉ። ስለ ፎጣ ማውራት ዓይንን እንዲህ የሚያበራ ከሆነ እኔም ፎጣ ሻጭ በሆንኩ ነበር። እርስዎ መባባሉም ሳይታወቃቸው አንተና አንቺ ሆነ።

ቤት ውስጥ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርገን እንደረድራለን፤ መጫወቻዎቹ ሁሉ መቀመጫቸው ሁለት ሁለት ነዋ። ጠበቃው የእቅዱን ቀዳዳ ያገኘው እነዚህ ወንበሮች ላይ ነው። እሱ ያለ ትልቅ ሰው ትልልቆቹ ላይ አይሳፈርም፤ ስለዚህ ከጋሼ ጋር ነው። ሚጢጢ አትወጣም፤ ስለዚህ ከታች የሚጠብቃት ያስፈልጋል። ክርክሩን እንደጨረሰ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሦስቱንም ፓርክ የሰው ቦርሳ ታቅፌ ወደ ላይ እያየሁ ልቆም ነው ማለት ነው። እዚህም ሕፃን ያዥ፣ ባሕር ድረስ ሄጄም ሕፃን ያዥ።

«አንድ ትልቅ ሰው ይጎድለናል» አልኩ ጋሼን እያየሁ።

ጋሼ ወደ ስፌቱ አጎነበሰ። ወስፌው ግን ጣቱን ወጋው።

እረፍቱ እያለቀ ነበር። የሰፈር ልጆች አዲስ ደብተር መሸፈን ጀምረዋል፤ ጋሼ የአውቶቡስ ትኬት አልቆረጠም። እቅዱ ካለቀ ዘንዶው ጋር የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውማ። ቁርጡን ነገርኩት፦ ወይ ንገራት፣ ወይ ውሰደን፤ በፎጣ የተጀመረ በፎጣ ሊያልቅ ነው አልኩት።

ሰውዬው በአፉ መናገር ሲያቅተው በእጁ ለመናገር ሞከረ። ባለዘንጓ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ ዘንዶውን የምታስነሳው ደግሞ በግራ እግሯ መርገጫውን እየረገጠች ነው። የግራ ጫማዋ ተረከዝ በአንድ ጎን መበላቱን ጋሼ አይቷል። ለስላሳ ቡናማ ቆዳ መርጦ፣ ለቆመ ሰው የሚመች ጫማ ሰፋላት። ከዚያ አድርሺልኝ ብሎ እኔን ላከኝ። ፈሪ።

ባለዘንጓ መጠቅለያውን ከፈተች። እንደ መጀመሪያው ቀን ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ፊቷ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ጠፋ። መልሳ ጠቀለለችው።

«ለእናታችሁ ይሁን» አለችኝ። «ባለትዳር ሰው ለሌላ ሴት ጫማ አይሰፋም። ንገሪው፤ ስለ ጉዞው የማውቀውን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ከእንግዲህ የሚጠየቅ የለም።»

ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። የቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለእናቴ ዕቃ ከተላከ ስንት ጊዜው። ጥቅሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሚጢጢ «አባዬ» እያለች ስትጣራ ይህች ሴት ስትሰማ ከርማለች፤ አባቷ አይደለም ብሎ የነገራት ግን የለም። እኛ ስለለመድነው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ይቃና ነበር። ግን ሁሉን እኔ ከተናገርኩለት ይህ ሰውዬ መቼ ነው አፍ የሚያወጣው?

ቤት ስደርስ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። መዶሻውን አወረደ። ተስፋ ቆርጦ ነገ እንሂድ የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ባለትዳር ብሆን ኖሮ ትክክል ነበረች» አለ። ሽርጡን አወለቀ፣ የእጁን ማስቲሽ ፍቆ ታጠበ፣ ጥቅሉን አንስቶ ወጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቃት ነው?» አለው ጠበቃው።

«ምንም። ልነግራት ነው።»

ተከተልነው እንጂ፣ ቤት ቁጭ ልንል ኖሯል?

ዘንዶው ጋር ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። ጋሼ ማንንም ሳይቀድም ከኋላ ተሰለፈ። እኛ አጥሩን ተጠግተን ቆምን። ተራው ሲደርስ ባለዘንጓ ቀና ሳትል ስንት ናችሁ አለች።

«አንድ ነኝ።»

ቀና አለች። «ልጆችዎስ?»

«የእህቴ ልጆች ናቸው» አለ ጋሼ። «እህቴና ባሏ በአንድ ቀን ነው የሄዱት። ትንሿ አባዬ የምትለኝ ሌላ የምትለው ስለሌላት ነው። ሚስት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። የፎጣው ነገር ደግሞ መጀመሪያ የነገርሽኝ ቀን ገብቶኛል።»

ዘንጉ እጇ ላይ ትንሽ ዘንበል አለ።

«ጫማውስ?»

«ያንቺ ነው። ባንቺ እግር ልክ ስለተሠራ ለማንም አይሆንም።»

«ልኬን ማን ሰጠህ?»

«ዝናብ የዘነበ ዕለት የረገጥሽው ጭቃ።»

ከጋሼ ኋላ የቆመ አንድ ደንዳና ሰውዬ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ወይ ግባ ወይ አግባ። እኛም ተራ አለን።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ባለዘንጓም ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አልቻለችም። ጋሼ ግን አልሳቀም፤ ያን ያህል ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

«አንድ ትልቅ ሰው ይጎድለናል» አላት። «ለጉዞውም። ከጉዞውም በኋላ።»

ረጅም አየችው። ቁመቱን በዓይኗ የምትለካው መሰለኝ።

«ተሳፋሪ አስቁሜ ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አልሰጥም» አለች። «ምሳ ስወጣ ና።»

ጋሼ ዞሮ መሄድ ሲጀምር ጠራችው።

«ጫማውን እዚህ ተወው።»

በምሳ ሰዓት ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ከሩቅ ነው ያየሁት። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ እሱ በርከክ ብሎ የጫማዋን ክር ያስራል። ክሩን ለማሰር የፈጀበትን ጊዜ ያየ፣ ጫማ ሰፊ ነው ብሎ አያምንም።

በሳምንቱ አምስት ሆነን ተሳፈርን። የባለዘንጓ እናት የፈቀዱት ማታ ማታ ልጃቸው ከእኔና ከሚጢጢ ጋር አንድ ክፍል እንደምታድር ስምልላቸው ነው። ከእኔ በላይ ጠባቂ ከየት ይመጣል።

አውቶቡስ ውስጥ ባለዘንጓ የጋሼን እቅድ ሰምታ አብዛኛውን ጣለችው። ልጆች እኮ ናቸው፣ ወታደር አይደሉም አለችው። ወረፋ ሳይበዛ ጠዋት ትልቁን መጫወቻ፣ ፀሐይ ሲከር ውሃውን፣ ሲደክማቸው ደግሞ ምንም። ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋበት እቅድ ሲፈርስ እንዲህ ደስ የሚለው መሆኑን ባውቅ ቀደም ብዬ አፈርስለት ነበር።

እኔም ወጣሁ። ባለዘንጓ ጎን ተቀምጬ፣ ባሕሩ በአንድ ጎን፣ ከተማው በሌላ ጎን ተገልብጦ እያየሁ፣ ቦርሳ ሳልይዝ ጮህኩ። የእሷ ሁለት እጅ ብረቱ ላይ ነበር፤ የእኔ ሲላቀቅ በክርኗ ጎሸመችኝ።

በመጨረሻው ቀን ፓርኩ ሊዘጋ ሲል ለአንድ ዙር ጊዜ ቀረ። ተራው የእኔና የእሷ ነው። ጋሼ ሚጢጢን ትከሻው ላይ አድርጎ ባለዘንጓን ያያል፤ እሷም ወደ በሩ እየሄደች ዞራ ታየዋለች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ሁልጊዜ የአንዳችን ተራ ነበር።

ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ ጋሼ በእኔ ቦታ ይውጣ። ጠበቃው የታመመ ሆድ አሁን አይስክሬም ሲበላ ነበር ብሎ ክርክር ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ክሱን አነሳ።

ሚጢጢን ተቀብዬ፣ ሁለት ቦርሳ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ሁለቱ ወጡ። ሽቅብ ሲሄዱ ጭንቅላታቸው ብቻ ይታይ ነበር፤ ከጫፍ ላይ ለአፍታ ቆመው ቁልቁል ተወረወሩ። ጋሼ ሲጮህ ሰማሁት። በሕይወቱ ጮሆ የማያውቅ ሰው።

ዙሩን ጨርሰው ወደ እኛ ሲመለሱ የባለዘንጓ አንድ እጇ ብረቱ ላይ ነው። ሌላው ጋሼ እጅ ውስጥ ነው።

ሚጢጢ አየች። ጥፋተኛ ያገኘች ዳኛ መስላ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለች፣ ደረቷን ነፋች።

«ሁለት እጅ ብረቱ ላይ!»

ተሳፋሪው በሙሉ እጁን መለሰ። ባለዘንጓ ሰማቻት፤ ወደ እኛ ዞራ ሳቀችም። እጇን ግን አልመለሰችም።